ሜሽን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ከመሬት መንሸራተት፣ ከጎርፍና ከከርሰ ምድር ውሃ ሞዴል ጋር ከሚታገሉ ተማሪዎችና ባልደረቦች በየጊዜው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ አስቀምጫቸዋለሁ።

ሜሽ ፋይል ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ሜሽ ማለት አንድን ዕቃ ወይም መሬት በትናንሽ ቁርጥራጮች (ሴሎች) ከፋፍሎ የሚያሳይ መረብ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የነጥቦች ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ኤክስ፣ ዋይ እና ዜድ አለው። ሁለተኛው የትኞቹ ነጥቦች ተያይዘው አንድ ሴል እንደሚሠሩ የሚናገር ዝርዝር ነው። ሴሉ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ቴትራ (ባለ አራት ጫፍ ድፍን ቅርጽ) ወይም ሄክሳ (ባለ ስምንት ጫፍ ሳጥን) ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው በነጥቦቹ ወይም በሴሎቹ ላይ የተጫነው መረጃ ነው፦ ከፍታ፣ ግፊት፣ ሙቀት፣ የአፈር ዓይነት።

ፎርማት ስንቀይር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በሰላም ይሻገራሉ። ጣጣ የሚያመጣው ሦስተኛው ነው። አንዳንድ ፎርማት ለእሱ ጭራሽ ቦታ የለውም። ቦታ ከሌለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንኳን ሳይሰጥ ይጥለዋል።

ለምንድን ነው ይሄ ሁሉ ፎርማት የኖረው?

እያንዳንዱ የተወለደው ለራሱ ሥራ ስለሆነ ነው። ኤስቲኤል በ1987 እ.ኤ.አ. ገደማ ለሦስት አቅጣጫ ማተሚያ ወጣ፤ ለማሽኑ የሚያስፈልገው የዕቃው ቆዳ ብቻ ነበር። ናስትራን የሚባለው የምህንድስና ስሌት ፕሮግራም ፋይል ከካርድ መብሻ ዘመን የመጣ ነው፤ ቁጥሮቹ እስከ ዛሬ ስምንት ስምንት ፊደል በምትይዝ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። የቪቲኬ ሥራ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ግን ዓላማው ሳይንሳዊ ውጤትን በሥዕል ማሳየት ነበር፤ ስለዚህ መረጃ መሸከም ከመነሻው የታሰበበት ነው። ጂሜሽ ሜሹን ራሱን ለመሥራት የተዘጋጀ ስለሆነ ለድንበርና ለክፍል ስያሜ ብዙ ቦታ ይሰጣል።

የፋይሉን ቅጥያ ብቻ ብቀይረውስ?

አይሆንም። ከነጥቡ በኋላ ያለችውን ስም መቀየር የውስጡን ጽሑፍ አይነካውም። ፕሮግራሙ ከፍቶ የማያውቀውን ነገር ሲያገኝ ወይ ስህተት ያወጣል፣ ወይ ባዶ ስክሪን ያሳያችኋል።

የትኛውን ፎርማት ልምረጥ?

መጀመሪያ ፋይሉን የሚቀበለው ፕሮግራም ምን እንደሚያነብ እዩ። ፓራቪው በሚባለው የማሳያ ፕሮግራም ለማየት ብቻ ከሆነ አዲሱ የቪቲኬ ፎርማት ቪቲዩ ይበቃችኋል፤ የተቀላቀሉ ሴሎችንም፣ መረጃውንም ይይዛል፣ ታምቆም ይቀመጣል። ለማተሚያ ማሽን ከሆነ ኤስቲኤል። ቀለም ያለው የመሬት ገጽ ከሆነ ፕላይ፣ ወይም ከቀለም ምስሉ ጋር ኦብጄ። ፌኒክስ በሚባለው የስሌት ፕሮግራም ላይ ለማስላት ከሆነ ኤክስዲኤምኤፍ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እመክራለሁ። ዋናውን ፋይል አስቀምጡት፤ ሁሉንም ቅጂ ከእሱ አውጡ። ከጂሜሽ ወደ ኤስቲኤል፣ ከኤስቲኤል ወደ ኦብጄ፣ ከኦብጄ ወደ ቪቲዩ ያለፈ ፋይል በየኬላው ዕቃ ያራገፈ ፋይል ነው። መጨረሻ ላይ ወደ ቪቲዩ ስለተመለሰ የጣለው አይመለስም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው።

ቀያሪ ፕሮግራም መግዛት አለብኝ? ኢንተርኔቱስ ካልጎተተልኝ?

ሳንቲም አታወጡም። ሜሽአይኦ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ነጻ ነው፤ በርካታ ፎርማት ያነባል፣ ይጽፋል። ተርሚናል ላይ «ሜሽአይኦ ኮንቨርት» ብላችሁ የመነሻውን ፋይል ስም፣ ቀጥሎ የመድረሻውን ስም ስትጽፉ ቅጥያውን አይቶ ራሱ ይቀይራል። ፓራቪው፣ ጂሜሽ እና ፓይቪስታ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪም ነጻ ናቸው። እኔ ለፈጣን ቅየራ ሜሽአይኦን፣ ገጽ ማውጣትና መቁረጥ ካለበት ፓይቪስታን፣ በዓይን ማየት ሲያስፈልግ ፓራቪውን እጠቀማለሁ።

ቤት ውስጥ ኔትወርክ ከሌላችሁ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ «ፒፕ ዳውንሎድ» በሚለው ትእዛዝ ጥቅሎቹን ከነጥገኞቻቸው ፍላሽ ላይ አውርዱ፤ ከዚያ ቤት ላፕቶፕ ላይ ከፍላሹ ጫኑ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ ያወረዳችሁበት ማሽን የፓይተን ስሪትና ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከእናንተ ላፕቶፕ ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ፍላሹ ሙሉ ሆኖ ሳለ «ተስማሚ ጥቅል የለም» ይላችኋል።

ቪቲኬ እና ቪቲዩ አንድ አይደሉም እንዴ?

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ቪቲኬ የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል አሮጌው ፎርማት ነው። በጽሑፍ ከተቀመጠ በኖትፓድ ብትከፍቱት በዓይን ይነበባል። የመጀመሪያው መስመር የፎርማቱን ስሪት ይናገራል። ሁለተኛው ርዕስ ነው። ሦስተኛው ጽሑፍ ወይም ባይነሪ (በዓይን የማይነበብ የማሽን አጻጻፍ) መሆኑን ይገልጻል። ከዚያ የሜሹ ዓይነት፣ ነጥቦቹ፣ ሴሎቹ ይከተላሉ። አንድ ቴትራ ብቻ ያለበት ፋይል ብትሠሩ የሴሉ መስመር «4 0 1 2 3» ይሆናል፤ ይሄ «አራት ነጥብ አለኝ፣ እነሱም ዜሮኛው፣ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ናቸው» ማለት ነው። ከሥሩ በሴል ዓይነት ክፍል 10 ይጻፋል፤ 10 የቴትራ መለያ ነው። ሦስት ማዕዘን 5 ነው፣ አራት ማዕዘን 9፣ ሄክሳ 12። ይህችን ትንሽ ፋይል አንድ ቀን በእጃችሁ ጽፋችሁ ፓራቪው ላይ ክፈቷት። ከብዙ ትምህርት ትበልጣለች።

ቪቲዩ አዲሱና በኤክስኤምኤል የተሠራው ነው። ወንድሞችም አሉት፦ ለገጽ ብቻ የሆነው ቪቲፒ፣ እኩል ለተከፋፈለ ሰንጠረዥ ቪቲአይ፣ ለተጣመመ ሰንጠረዥ ቪቲኤስ። አሮጌውን ቪቲኬ በራሳችሁ ኮድ በባይነሪ ስትጽፉ አንድ ወጥመድ አለ። ባይቶቹ ትልቁ መጀመሪያ በሚመጣበት ቅደም ተከተል መቀመጥ አለባቸው። የእናንተ ላፕቶፕ ደግሞ እርግጠኛ ነኝ ትንሹን ነው የሚያስቀድመው። ሳትገለብጡ ከጻፋችሁ ነጥቦቹ በየሰማዩ ይበተናሉ።

የእኔ ላፕቶፕ ላይ የሚከፈተው ፋይል ጓደኛዬ ጋ ለምን እምቢ አለ?

የስሪት ጉዳይ ነው። ከቪቲኬ 9 ጀምሮ አሮጌው ፎርማት ራሱ ሲጻፍ 5.1 የሚል ስሪት ይዞ ይወጣል፤ የሴሎቹ አጻጻፍም ተቀይሯል። ቆየት ያለ ፓራቪው ይህን አያውቀውም። ሲጽፉ ስሪቱን 4.2 ማድረግ ይቻላል። ቪቲዩ መላክም መፍትሔ ነው።

ጂሜሽ ላይም ያው ነው። 4.1 እና 2.2 የሚባሉ ሁለት የታወቁ ስሪቶች አሉት። ብዙ ቆየት ያሉ አስሊ ፕሮግራሞች 2.2ን ብቻ ነው የሚያውቁት። ከጂሜሽ ስታወጡ ስሪት 2ን ምረጡ፣ ነገሩ ያልቃል።

የጣርማበርን ገደል ከሳተላይት ከፍታ መረጃ ወደ ሜሽ እንዴት ልቀይረው?

ይህን የማይጠይቀኝ የለም፤ እኔም ማስረዳቱ አይሰለቸኝም። ደጋው ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ 1,300 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። እንዲህ ያለ መሬት በሜሽ ሲታይ ደስ ይላል።

መረጃው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በመንኮራኩር የተሰበሰበው ኤስአርቲኤም ነው። በአንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ተቆራርጦ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የሚጠራው በደቡብ ምዕራብ ማዕዘኑ ነው። ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር እና ደብረ ሲና ሦስቱም ሰሜን 09 ምሥራቅ 039 በሚባለው ቁራጭ ውስጥ ናቸው። መሐል ሜዳንና የመንዝን ደጋ የፈለገ ደግሞ ሰሜን 10 ምሥራቅ 039ን ያወርዳል። አንዱ ቁራጭ በአግድም 3,601፣ በቁመት 3,601 ነጥብ አለው፤ በነጥቦቹ መካከል 30 ሜትር ገደማ ነው። ጎረቤታም ቁራጮች የሚነኩበትን ረድፍ ይጋራሉ። ሁለቱን ስታጣብቁ በ10 ዲግሪው መስመር ላይ ያሉት ነጥቦች ድርብ ስለሚሆኑ ተደራራቢ ነጥቦችን የሚያዋህደውን ማጽጃ ማስኬድ አትርሱ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በኪውጂአይኤስ ወይም በጂዳል (ሁለቱም የካርታ መሣሪያዎች ናቸው) ከዲግሪ ወደ ሜትር ቀይሩት፤ ዩቲኤም በሚባለው በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት ለኛ አካባቢ የሚሆነው ዞን 37 ሰሜን ነው። ከዚያ ባዶ ነጥቦችን ሙሉ። ኤስአርቲኤም ላይ መረጃ የሌለበት ቦታ በ-32768 ይሞላል። ይህን ሳታጸዱ ከቀየራችሁት ከደጋው መሐል ወደ ምድር እምብርት 32 ኪሎ ሜትር የሚወርዱ ጉድጓዶች ታያላችሁ። ከዚያ ራስቴሪዮ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ አንብባችሁ በፓይቪስታ ሰንጠረዥ ሥሩ፣ ነጥቦቹን በከፍታቸው ወደ ላይ አንሱ፣ ገጹን አውጡ፣ ወደ ሦስት ማዕዘን ከፋፍሉ፣ አስቀምጡ።

አንድ ማረጋገጫ ልስጣችሁ። የምስል ፋይል የመጀመሪያ ረድፉ ሰሜን ነው፤ ቪቲኬ ላይ ግን ዋይ የሚያድገው ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው። ረድፎቹን ካልገለበጣችሁ መሬቱ የመስታወት ምስል ይሆናል፤ ላየው ሰው ምንም ስህተት ያለበት አይመስልም። ደብረ ሲና ከደብረ ብርሃን ሰሜን ምሥራቅ፣ አንኮበር ደግሞ ደቡብ ምሥራቅ መሆኑን እናውቃለን። አንኮበር ከደብረ ሲና በስተሰሜን ከታያችሁ ረድፉ ተገልብጧል ማለት ነው።

መሬቱ ለምን እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ቆመ?

ኤክስና ዋይ በዲግሪ፣ ዜድ በሜትር ስለሆነ ነው። ሙሉው ቁራጭ ወርዱ 1 ነው፤ ከፍታው ግን በሺዎች ይቆጠራል። ፕሮግራሙ ዲግሪና ሜትርን አይለይም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው። አንድ ዲግሪ እኛ ጋ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዜድን ለ110,000 አካፍሎ ማለፍ ለሥዕል ያህል ይሠራል። ስፋት ወይም ተዳፋት የምታሰሉ ከሆነ ግን አቋራጩን ተዉትና ወደ ዩቲኤም ቀይሩ።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ችግር ኤስቲኤል ላይ ይመጣል። ኤስቲኤል መለኪያውን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። የማተሚያው ሶፍትዌር ቁጥሩን ሚሊሜትር ነው ብሎ ይወስዳል። በሜትር ያዘጋጃችሁት 110 ኪሎ ሜትር መሬት 110,000 ሚሊሜትር፣ ማለትም 110 ሜትር ስፋት ያለው ሕትመት ይሆንና ማሽኑ አልችልም ይላል።

26 ሜጋባይት የነበረው ፋይል ለምን ከአንድ ጊጋባይት በላይ ሆነ?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ዋናው የከፍታ ፋይል ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ባይት ብቻ ይይዛል። 3,601 በ3,601 ሲባዛ 12,967,201 ነጥብ ነው፤ በሁለት ባይት 26 ሜጋባይት ገደማ። ኤክስና ዋይ አይጻፉም፤ ከረድፉ ይታወቃሉ። ወደ ሦስት ማዕዘን ስትቀይሩት 25,920,000 ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ባይነሪ ኤስቲኤል ለአንዱ ሦስት ማዕዘን 50 ባይት ይፈጃል፤ መግቢያው 84 ባይት ነው። ድምሩ 1.3 ጊጋባይት ገደማ። በጽሑፍ ኤስቲኤል ካስቀመጣችሁት ደግሞ ከዚህም ብዙ እጥፍ ያብጣል፤ አታድርጉት።

ኤስቲኤል ይህን ያህል የሚበላው እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን የሦስቱን ጫፎቹን ኤክስ፣ ዋይ እና ዜድ ሙሉ በሙሉ ስለሚጽፍ ነው። ጎረቤቱን አያውቅም። የመንዝ ገበሬ እርሻው ዳር ለቅሞ የከመረው ድንጋይ ነው እንጂ ካብ አይደለም፤ የትኛው በየትኛው ላይ እንደተቀመጠ የሚናገር የለም። ፕላይ፣ ኦብጄ እና ቪቲፒ ነጥቡን አንዴ ጽፈው በቁጥሩ ስለሚጠሩት ይቀላሉ።

መፍትሔው እንደ ሥራው ይለያያል። ለማየት ብቻ ከሆነ ከነጭራሹ ወደ ሦስት ማዕዘን አትቀይሩት፤ በቪቲአይ አስቀምጡና ፓራቪው ውስጥ በከፍታው ወደ ላይ አንሱት። ሦስት ማዕዘን የግድ ካስፈለገ ከየአራት ነጥቡ አንዱን ውሰዱ። 901 በ901 ይሆናል፣ ኤስቲኤሉም ወደ 81 ሜጋባይት ይወርዳል። ከዚህ የሚሻለው ገደሉ ላይ ነጥብ እየተወ ሜዳው ላይ የሚያሳሳ ማቅለያ ነው። ፓራቪውም ፓይቪስታም አላቸው፤ ግን ሁሉም ሴል አስቀድሞ ሦስት ማዕዘን መሆን አለበት። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ሙሉውን ቁራጭ ለማቅለል አትሞክሩ። መጀመሪያ የምትፈልጉትን ሸለቆ ቁረጡ።

ኤስቲኤልን ወደ ቴትራ መቀየር እችላለሁ?

በመቀየር ብቻ አይቻልም። ኤስቲኤል ቆዳ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሜሽአይኦ የሌለውን ሥጋ አይፈጥርም። ቴትራ ለማግኘት ገጹን ለጂሜሽ ወይም ለቴትጄን ሰጥታችሁ ውስጡን አዲስ ሜሽ ማድረግ አለባችሁ። ለዚያ ደግሞ ገጹ ዙሪያውን የተዘጋ መሆን አለበት። የመሬት ገጽ ከላይ ብቻ ስለሆነ ጎንና ወለል ልትሠሩለት ግድ ነው።

የተዘጋ መሆኑን በፍጥነት ለማየት አንድ ዘዴ አለ። መሐሉ ያልተበሳ፣ አንድ ወጥ የሆነና በሦስት ማዕዘን የተሸፈነ ዝግ ገጽ የሦስት ማዕዘኖቹ ብዛት የነጥቦቹ እጥፍ ሲቀነስ 4 ነው። ይህን ካላሟላ የሆነ ቦታ ቀዳዳ ወይም ድርብ ነጥብ አለ። ነጥቦቹን ካዋሃዳችሁ በኋላ ቁጠሩ።

ጂሜሽ ላይ የሰጠኋቸው ስሞች የት ገቡ?

ጂሜሽ ላይ «የወንዝ ዳር»፣ «ወለል»፣ «ሸክላ አፈር» ብላችሁ የምትሰይሟቸው አካላዊ ቡድኖች ይባላሉ። ወደ ቪቲዩ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ ስማቸው ይቀርና ቁጥራቸው ይሻገራል። ሜሽአይኦ በሴል መረጃነት ይዞት ይሄዳል፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ስም እንደሆነ ግን እናንተ ወረቀት ላይ መያዝ አለባችሁ። ወደ ኤስቲኤል ከሄዳችሁ ቁጥሩም ይቀራል።

ከዚህ የሚብሰው ግማሹ ሜሽ የሚጠፋበት ጉዳይ ነው። አንድም ቢሆን አካላዊ ቡድን ከሰየማችሁ ጂሜሽ ሲያስቀምጥ የሚጽፈው ቡድን ውስጥ ያሉትን ሴሎች ብቻ ነው። ድንበሩን ሰይማችሁ ውስጡን ከረሳችሁት ፋይሉ ድንበር ብቻ ሆኖ ይወጣል። ውስጡንም ሰይሙ፤ ወይም «ሁሉንም አስቀምጥ» የሚለውን ምርጫ አብሩ።

ፌኒክስ ሜሼን ለምን አልቀበልም አለ?

የጂሜሽ ፋይል ነጥብ፣ መስመር፣ ሦስት ማዕዘን እና ቴትራ አንድ ላይ ይይዛል። የድሮው ፌኒክስ በአንድ ፋይል አንድ ዓይነት ሴል ነው የሚፈልገው። በፓይተን ቴትራዎቹን ለብቻ አንድ ፋይል፣ የድንበሩን ሦስት ማዕዘኖች ለብቻ ሌላ ፋይል አድርጋችሁ ጻፉ። ሥራችሁ ጠፍጣፋ ከሆነ ዜድን ጣሉት፤ ዜሮ ቢሆንም እንኳን መኖሩ ብቻ ሜሹን ባለ ሦስት አቅጣጫ ያስመስለዋል።

ሌላው ደግሞ ኤክስዲኤምኤፍ ሁለት ፋይል መሆኑ ነው። ትንሿ ጽሑፍ ናት፤ ከባዱ ቁጥር ያለው ኤችዲኤፍ5 ፋይል ውስጥ ነው። ፍላሽ ላይ አንዷን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ስማቸውንም እንደፈለጋችሁ አትቀይሩ፤ ትንሿ ትልቁን በስሙ ነው የምትፈልገው።

ሜሹ ተከፈተ፣ ግን መስመሮቹ ተመሰቃቅለዋል። ምን ሆኖ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የቁጥር አጀማመር ነው። ቪቲኬ፣ ፕላይ እና ኦፍ የሚባለው ፎርማት ነጥብን ከዜሮ ይቆጥራሉ። ኦብጄ ከአንድ ይጀምራል። ጂሜሽም እንደ ልማዱ ከአንድ ነው፤ መሐል ላይ የተዘለለ ቁጥርም ሊኖረው ይችላል። በራሳችሁ ኮድ ስትቀይሩ አንድ ቀንሳችሁ ብቻ አትለፉ። የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ የሚያገናኝ ዝርዝር ሥሩ።

ከዚህ የረቀቀው የነጥብ ቅደም ተከተል ነው። ባለ አሥር ነጥብ ቴትራ ላይ ጂሜሽ እና ቪቲኬ እስከ ስምንተኛው ነጥብ ይስማማሉ፤ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን ግን አቀያይረው ነው የሚጽፉት። ሜሽአይኦ ይህን ያውቃል። በእጅ የተጻፈ ኮድ ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ክፋቱ ደግሞ በቀጥታ መስመር ሲሳል ምንም አይታይም፤ ስሌቱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚበጠብጠው። ሄክሳ ላይም 11 እና 12 የሚባሉትን የቪቲኬ ዓይነቶች አታምታቱ። ሁለቱም ስምንት ነጥብ አላቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ግን የተለያየ ስለሆነ ሳጥኑ መሐሉ ተጠምዝዞ ይወጣል።

የአፈር ዓይነቱ ድንበር ለምን ደበዘዘ?

በሴል ላይ የነበረው መረጃ ወደ ነጥብ ስለተዛወረ ነው። አፈሩ 1 ሸክላ፣ 2 አሸዋ ቢሆን ድንበሩ ላይ ያለ ነጥብ የሁለቱን አማካይ 1.5 ይይዛል። 1.5 የሚባል አፈር ደግሞ የለም። ሙቀትና ግፊት እንዲህ ቢዛወሩ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ መለያ ቁጥሮችን ግን ሁልጊዜ ሴል ላይ ተዉአቸው። መድረሻው ፎርማት የሴል መረጃ ካልያዘ ለየአፈሩ የተለያየ ፋይል አውጡ።

ቅየራው መስተካከሉን በምን አውቃለሁ?

በዓይን ማየት አይበቃም። ከቅየራው በፊትና በኋላ የነጥብ ብዛት፣ የሴል ብዛት በየዓይነቱ፣ የኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ ትንሹና ትልቁ፣ የእያንዳንዱ መረጃ ትንሹና ትልቁ እኩል መሆን አለበት። ፓራቪው የመረጃ ሰሌዳው ላይ ሁሉንም ያሳያል፤ ሜሽአይኦም «ኢንፎ» የሚል ትእዛዝ አለው።

ለቴትራ ሜሽ የየሴሉን ይዘት አስሉ። አሉታዊ ይዘት ያለው ሴል ካለ ነጥቦቹ ተገልብጠዋል። ሁሉም አሉታዊ ከሆነ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፤ ሁለት ነጥብ አቀያይሩ። ጥቂቶች ብቻ ከሆኑ ግን ጥፋቱ የቀያሪው ላይሆን ይችላል፤ ሜሹ ከመነሻው የታመመ ነው።

የሜትር ክፍልፋዮቼ ጠፉ። ገጹም ደረጃ ደረጃ ሆኖ ታየኝ። ለምን?

ይህ በድሮን ወይም በጂፒኤስ በሴንቲሜትር ለክተው የሚመጡ ሰዎች ጥያቄ ነው፤ ከሁሉም ተንኮለኛው ችግር ይመስለኛል። የደብረ ብርሃን አካባቢ የዩቲኤም የሰሜን ቁጥር 1,070,000 ሜትር ገደማ ነው። ባለ 32 ቢት ቁጥር ከ1,048,576 በላይ ሲሄድ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል 0.125 ሜትር ይዘላል። ስለዚህ ከ12 ሴንቲሜትር ያነሰ ነገር ሊጻፍ አይችልም። ባይነሪ ኤስቲኤል ደግሞ ከ32 ቢት ሌላ አያውቅም። የናስትራን ጠባብ ሳጥን ከዚህም ይብሳል። 1070234.57 የሚለው ቁጥር በስምንት ፊደል ሲገባ 1070234 እና ነጥቡ ብቻ ይቀራሉ፤ ክፍልፋዩ በሙሉ ይሄዳል።

ቪቲዩ 64 ቢት መያዝ ይችላል። ግን የሚጽፈው ኮድ 64 ቢት መሆኑን እዩ፤ ቁጥሩ አንዴ 32 ውስጥ ካለፈ በኋላ ወደ 64 ቢመለስም የጠፋው ጠፍቷል። የተሻለው መንገድ መነሻውን ማቅረብ ነው። ከመቀየራችሁ በፊት ከሁሉም ነጥብ ኤክስ ላይ 558,000፣ ዋይ ላይ 1,070,000 ቀንሱ። የቀሩት ትናንሽ ቁጥሮች ሴንቲሜትሩን ይዘው ያልፋሉ። የቀነሳችሁትን ቁጥር ግን ፋይሉ ስም ላይ ጻፉት፤ ቪቲዩ ከሆነ ፋይሉ ውስጥ በአጠቃላይ መረጃነት አስገቡት። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ሜሹን ከመንገድ ካርታ ጋር ሊገጥም ሲሞክር እናንተን በስልክ ከማሳደድ ይድናል።